ድባብ የሚያሳልፍ በር

የደብራችን በር ከዋናው የቃሊቲ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ይቆማል። ከባድ መኪኖች ሲያልፉ መሬቱ ይርዳል፤ በሩ ግን አይነቃነቅም። በየማለዳው ለኪዳን ስሄድ ከሥሩ ቆም ብዬ ቀና እላለሁ። ምእመናን ጉልላቱን የምሳለም ይመስላቸዋል። ጉልላቱንም እሳለማለሁ፤ አስቀድሜ የማየው ግን በበሩ አናት ላይ እንደ ድባብ ጎብጦ የተቀመጠውን ብረት፣ በግራና በቀኙም ያሉትን ሁለት የብየዳ ስፌቶች ነው። ስፌቶቹን የሠራችው የልጅ ልጄ ናት። በሠራችበት ወራት ራሷን ከሰው ቁጥር ያወጣች ልጅ ነበረች።

እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ የተማርሁ፣ ኋላም ወደ አቃቂ ወርጄ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ዕቃ እየተረከብሁና እያስረከብሁ፣ ማለዳና ሰንበት ደግሞ በደብሩ እያገለገልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ሰው «የኔታ» ይለኛል። ልጄ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ሴት ልጁን እኔ ዘንድ ትቷት ሄደ። ፊደልም ዳዊትም ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ።

በዚያ ዘመን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን እንደ ወንፊት ይለያቸው ነበር። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፤ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካል። አገር የምታድገው በባለሙያ ነው እየተባለ በሬዲዮ ይነገራል፤ በሰፈራችን ግን «እገሊት መሰናዶ ገባች» ሲባል ድምፅ ከፍ ይላል፣ «እገሊት ሙያ ገባች» ሲባል ደግሞ የታመመ ሰው ወሬ እንደሚወራ ዝቅ ይላል። የልጅ ልጄ ነጥቡ አልመጣላትም። ነርስነት መማር ትሻ ነበር፤ በዚያ ክፍል ቦታ ስላልተገኘ ወደ ብረታ ብረት ሥራ ተመደበች።

ከኮሌጁ ሰማያዊ ቱታ ተሰጣት። ያንን ቱታ በፌስታል ጠቅልላ ከቦርሳዋ ሥር ትቀብረዋለች። ከቤት በቀሚስ ትወጣለች፣ ከኮሌጁ ግቢ ገብታ ትቀይራለች፣ ወደ ቤት ስትመለስ ደግሞ እንደገና በቀሚስ ትመጣለች። ምን እንደምትማር የጠየቃት ሰው የሚያገኘው መልስ «ኮሌጅ ነኝ» የሚል ብቻ ነው። የክፍል ጓደኞቿም እንዲሁ ነበሩ። ራሳቸውን በቀልድ «ተራፊ» ብለው ይጠሩ ነበር፤ ቀልዱ ግን የሚያስቃቸው አይመስልም።

አንድ ከሰዓት ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ወይዘሮ ሊጠይቁኝ ገብተው፣ እሷ ሻይ እያቀረበች ሳለ እንዲህ አሉኝ፤

«የኔታ፣ እንዲያው ይቅር ይበሉኝና፣ የእርስዎ የልጅ ልጅ ቀጥቃጭ ትሁን? ዳዊት የደገመች ልጅ?»

«ማለዳ ለኪዳን የሚቀሰቅስዎ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ደወሉ ነዋ።»

«ደወሉስ ከምን ተሠራ?»

የደብራችን ደወል ከድሮው የባቡር ሐዲድ ተቆርጦ ከግራሩ ላይ የተሰቀለ ብረት መሆኑን እርሳቸውም ያውቃሉ። ጥቂት አስበው «እሱማ ተባርኳል» አሉ። የልጅ ልጄ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በተማርሁበት አገር ብረት የሚሠራውን ሰው በማዕድ ይለዩታል፤ ማረሻ ሲሰበር ግን ከደጁ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ለመጀመሪያዪቱ ታቦት ማደሪያ ወርቁንና ናሱን የሠራው ሰው መንፈስ የሞላበት የእጅ ባለሙያ እንደ ነበረ እያነበብን ማደጋችን ከዚህ ልማድ አላዳነንም። ያ አሮጌ ንቀት በእኔ ቤት፣ በአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ማደሩ ያሳዝነኝ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የደብሩን የቆርቆሮ በር ከነምሰሶው ገነደሰው። ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ የጥገና ሹም ናቸው፤ ነገር ሲገባቸው ፈጣን፣ ሳይገባቸው ደግሞ ከዚያ የፈጠኑ። እኔ የኮሌጁን አሠልጣኝ ይዤ ገባሁ። አሠልጣኙ ገና ወጣት ነው፤ ቃሉ ግን አጭርና የጸና ነበር።

«ብረቱን እናንተ ግዙ፤ እጁ ከእኛ» አለ። «ልጆቹ ከምዘናቸው በፊት አንድ እውነተኛ ሥራ ያስፈልጋቸዋል።»

«የእግዚአብሔርን ቤት በር ለልምምድ ልንሰጥ ነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ዲያቆናቱስ ዜማውን የተለማመዱት የት ነው?» አለ አሠልጣኙ።

የሳቀው ሰው ብዙ ስለ ነበር ነገሩ በሳቁ ጸደቀ። ለከተራ እንዲደርስ ተስማማን። አሠልጣኙ የሥራው መሪ ያደረገው የልጅ ልጄን ነበር። ያን ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«የጠፋ ሰው የለም፣ ስፌትሽ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ነው አለኝ። ቢበላሽስ አባባ? በሩ ከመንገድ ዳር ነው። አቃቂ በሙሉ ነው የሚያየው።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ያ በር ካማረ ራሷን ታምናለች፤ ከተበላሸ ግን ሰፈሩ በሹክሹክታ የሚላት ሁሉ እውነት ይሆንባታል። ይህን እኔም አሠልጣኟም እናውቅ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሥራው ጥቂት ወራት ወሰደ። ሁለቱ ክንፎች ከላሜራ፣ ምሰሶዎቹ ከወፍራም ቱቦ ተሠሩ። የቀድሞው በር አናቱ ክፍት ነበር፤ አዲሱ ግን ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የሚዘረጋ፣ ቱቦላሬ ከሚሉት ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ የተሠራ አግዳሚ ብረት፣ በላዩም ከፌሮ የተጠማዘዘ የወይን ሐረግና መስቀል እንዲኖረው አደረጉ። ለከፍታው ልክ ሲፈልጉ ከደብሩ ቄሶች ረጅሙን ከምሰሶው አጠገብ አቆሟቸው። ቄሱ መለሎ ሰው ናቸው፤ ከደጀ ሰላሙ ሲገቡ ጎንበስ ማለት ልማዳቸው ነው። የልጅ ልጄ በሜትሯ ለካቻቸው፣ በላዩም ክንድ ጨመረችበት። «እንግዲህ ከእርስዎ የሚበልጥ ሰው ከመጣ ጎልያድ ነው፣ አናስገባውም» አለቻቸው። ቄሱ ሳቁ፤ ሁላችንም ሳቅን።

በሩ ተተከለ። መንገደኛው እየቆመ ያደንቅ ጀመር። ሊቀ መንበሩ ማጠፊያውን ከፍተው ዘግተው፣ ውሃ ልኩን አስቀምጠው አይተው «እህ» አሉ፤ ከእርሳቸው አፍ ይህ ከምስጋና ይቆጠራል። የልጅ ልጄም ያን ሰሞን ወደ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን አታቅፍም ነበር።

ከከተራ በፊት ባለው ቀን፣ ማለዳ፣ ቄሱ በሩን ሊባርኩ መጡ። ጸሎቱን አደረሱ፣ ጠበል ረጩ። ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ጥቂት ተራምደው በድንገት ከበሩ ሥር ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አናት አንሥተው ሸክም እንደሚደግፍ ሰው ያዙ፤ ቀና ብለውም አግዳሚውን አዩት።

«ታቦቱስ?» አሉ።

በግቢው ለነበርን ሁሉ ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። እኒሁ ቄስ ነገ ታቦቱን በራሳቸው አክብረው በዚህ በር ይወጣሉ። በታቦቱ ላይ ልብሱ አለ፤ ከልብሱ በላይ ድባቡ አለ። ታቦት ያከበረ ካህን ደግሞ ለበር ብሎ አንገቱን አይደፋም፤ ድባቡም ታጥፎ አይወጣም። በሩን ስንት ሰው አይቶታል፤ ቄሱም ራሳቸው ተለክተውበታል። ሁላችንም ያየነው በባዶ ራሳችን እንደምናልፍበት ነበር። አናቱ ክፍት በነበረው በር የኖረ ምእመን ስለ አናት ማሰብን አልለመደም።

ሊቀ መንበሩ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። «አግዳሚውን ቆርጣችሁ ጣሉት። ዛሬውኑ።»

«አይሆንም» አለች የልጅ ልጄ፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር። «አግዳሚው ነው ምሰሶዎቹን የያዘው። እሱ ከሌለ ክንፎቹ ከብደው ምሰሶዎቹን ወደ ውስጥ ይስቧቸዋል።»

«እንግዲያው በሩ እንዳለ ይነቀል፤ ከበዓሉ በኋላ ለባለሙያ እንሰጠዋለን።»

ለባለሙያ። ሰውዬው ክፉ አላሰቡም፤ ቃሉ ግን ልጅቱን በቆመችበት አገኛት። ጓንቷን አውልቃ ከበሩ ሥር አስቀመጠችና ሄደች።

ቤት ስደርስ ቱታውን አጥፋ ከመደቤ ላይ አኑራው ነበር።

«ይህን ለኮሌጁ ይመልሱልኝ፤ እኔ አልሄድም» አለችኝ።

«ምዘናሽስ?»

«ለተራፊ ምን ምዘና አለው አባባ። ከመሰናዶ ተረፍን፤ ከነርስነት ተረፍን። አሁን ደግሞ የታቦት መንገድ ዘጋን።»

ከጎኗ ተቀመጥሁ። «እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ» ብዬ ጀመርሁ።

«ዛሬስ ቅኔ ቤቱን ይተዉት።»

«ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በሩ ያጠረው የቱ ላይ ነው?»

«መሐሉ ላይ ነዋ።»

«ግራና ቀኙስ?»

«በግራና በቀኝማ ሰው ነው የሚያልፈው፤ ለሰው ይበቃል። ድባቡ የሚያልፈው በመሐል…» አለችና አቆመች።

እኔም አልረበሽኋት። በኋላ ግን አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ «መምህራችን የጎደለ ቅኔ ስናቀርብላቸው አይጥሉትም ነበር፤ ከዚህ ስበረው ብለው ቦታውን ብቻ ያሳዩናል» አልኋት።

«ብረት ቅኔ አይደለም አባባ። ሲቆርጡት ያጥራል።»

«ቅኔም ሲቆርጡት ያጥራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተማሪው ይቀጥለዋል። መምህር አይቀጥልለትም።»

ከግድግዳው ጥግ የካርቶን ክዳን አንሥታ በእርሳስ መሣል ጀመረች። አግዳሚውን ከመሐል ቆርጣ አወጣችው፤ በቦታውም ወደ ላይ የጎበጠ ቅስት አስገባች፤ ሐረጉንና መስቀሉንም ከቅስቱ ላይ አወጣቻቸው። ቀና ብላም ለራሷ እንደምትናገር ሆና «ቱቦላሬ ማጉበጫ መሣሪያ የለንም» አለች። እንደገና ጎንበስ አለች። «ጎኑን በየስንዝሩ ብንሰነጥቀው ግን በእጅ ይጎብጣል። ስንጥቁን መልሰን እንበይደዋለን።» ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ቢያንስ እኔ አላስተማርኋትም። ቱታውን ከመደቤ ላይ አነሣችና በዚያው ለብሳው ወጣች። ቀሚስ አልደረበችም፤ ፌስታሉም ከመሬት ቀረ። በጠራራ ፀሐይ መንደሩን አቋርጣ ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ፣ መርሳቷን እንዳላስታውሳት ቀስ ብዬ ተከተልሁ።

የክፍል ጓደኞቿ ተጠሩ፤ አሠልጣኙም መጣ፤ የካርቶኑን ሥዕል አይቶ «መሪዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ብረት እይዛለሁ» አላት። በዚህ ጊዜ ልኬቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ቄሱን ከበሩ ፊት፣ ከመሐሉ ትይዩ አቆመቻቸው፤ በራሳቸው ላይ በነጠላ የተሸፈነ ቅርጫት አስቀመጠች፤ እኔን ደግሞ ድባቡን ዘርግቼ ከላያቸው እንድይዝ አዘዘችኝ። እንዲያ ሆነን በመንገድ ዳር በቆምንበት፣ ጉልላት የሚያህል ድንጋይ የጫነ መኪና ፍጥነቱን ቀነሰና ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ።

«አባ፣ ገበያው የት ነው? ሽንኩርት ነው የያዙት?»

«ልኬት ላይ ነን ልጄ» አሉ ቄሱ አንገታቸውን ሳያዞሩ። «ዝም ብለህ እለፍ፣ ትንፋሽህ ድባቡን ያወዛውዘዋል።»

«ወደ ፊት ይራመዱ አባ» አለች የልጅ ልጄ። «እንደ ነገው። እንደ ነገው ነው የሚራመዱት?»

«ነገማ ከዚህ ይዘገያል።»

«እንግዲያው ያዝግሙ።»

ቄሱ አዘገሙ። እሷም ከመሰላሉ ላይ ሆና የድባቡ ጫፍ የደረሰበትን ሁሉ አጠገቧ ባቆመችው ረጅም ቱቦ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሩቅ ያዩ ነበር። ግራይንደሩ አግዳሚውን ሲቆርጥ ግን ፊታቸውን አዞሩ፤ የተሠራን ነገር ሲቆርጡ ማየት ለጥገና ሰው ይከብዳል።

ቅስቱ በዚያ ቀን ጎብጦ አለቀ። የከተራ ዕለት ማለዳ ከቦታው ሊበየድ ሲጀመር መብራት ሄደ። እንዲህ ባለ በዓል መብራት እንደሚሄድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ግን ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት የስልጤ ሰው ከሱቃቸው ደጅ ሆነው ሲያዩ ቆይተው ወደ እኛ መጡ።

«ጄኔሬተር አለኝ፤ ግን ትንሽ ናት፤ ብየዳ ትችል እንደሆነ እንጃ» አሉ።

የልጅ ልጄ ሄዳ አየችው። «በወፍራሙ ኤሌክትሮድ አይችልም። በቀጭኑ፣ ቀስ እያልን፣ እያሳረፍነው ይችላል።»

«ውሰጂው። ነዳጁ ሙሉ ነው።»

«እንደ ምን እናመስግንዎ» አልኋቸው።

«የኔታ፣ እኔ ዘንድሮ ሚስማር የሚሸጥልኝ ይህ በር ነው» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጌታ መንገድ አይዘጋም» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ቀስ እያለች በየደች። ጄኔሬተሩ ሲያቃስት ታቆማለች፤ ሲበርድ ትቀጥላለች። ከግቢው ውስጥ ከበሮው ሲሰማ የቀኙ ስፌት ገና ነበር። መዘምራኑ ወጥተው ሲሰለፉ ሊቀ መንበሩ ኮታቸውን አውልቀው መሰላሉን ያዙላት። «አትቸኩዪ» አሏት። «ታቦት የሚቸኩል አይደለም። ያንቺም እጅ እንዲያ ይሁን።» መሰላሉ የተነሣው ምንጣፉ እየተዘረጋ ሳለ ነው። ቅስቱን ቀለም ለመቀባት ጊዜ አልነበረም፤ ብረቱ ራቁቱን አበራ።

ታቦቱ ወጣ። ምእመኑ ከግራ ከቀኝ ተከፈለ። ቄሱ በዝግታ ወደ በሩ መጡ፤ ከላያቸው ድባቡ ከነዘርፉ ተዘርግቷል። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ከመዘምራኑ መካከል ነበርሁ፤ ዜማው ከአፌ ጠፋ። የልጅ ልጄን ፈለግኋት። ከምሰሶው አጠገብ በቱታዋ እንደ ሆነች፣ የብየዳ ጭንብሏ ከግንባሯ ላይ እንደ ቆብ ተሰቅሎ፣ ጥላሸት በጉንጯ፣ ነጭ በለበሰ ሕዝብ መሐል ቆማ ነበር። ልብስ ለመቀየር አልደረሰችም። ዐይኗ ከድባቡ ጫፍ አልተነቀለም።

ድባቡ ከቅስቱ ሥር ገባ። ዘርፉ ብረቱን ሳይነካ፣ ቄሱም አንገታቸውን ሳይሰብሩ አለፉ።

እልልታው ለታቦቱ ነበር፤ እንደዚያም ይገባል። እኔ ግን ከእልልታው ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ለሌላ ነገር ጭምር እንደ ሆነ ለየሁ። እኒያ የፊት ለፊት ወይዘሮ ነበሩ። እልልታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ልጅቱ ተጠግተው ክርኗን ያዟት።

«ልጄ፣ የእኛም በር ማጠፊያው ተሰብሯል። ከጥምቀት በኋላ ብቅ ብትዪልኝ?»

«እማማ፣ ቀጥቃጭ ቤትዎ ይገባል እንዴ?»

«ዝም በዪ፣ ታቦት እያለፈ ነው» አሉና እልልታቸውን ቀጠሉ። ክርኗን ግን አልለቀቁም።

የልጅ ልጄ ታቦቱን ተከትላ በቱታዋ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሄደች። ጓደኞቿም እንዲሁ። መንገድ ላይ ሰው «እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?» ሲላቸው አንደኛው «እኛ ተራፊዎቹ» ሲል ሰማሁ። ሁሉም ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ እውነተኛ ነበር።

ምዘናውን አለፈች። ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅተው ሼድ አገኙ፤ ኮዬ ፈጬ ላይ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ የደረጃ መደገፊያውንና መስኮቱን ገጠሙ። ኋላ ደግሞ ገዢው ሁሉ አሉሚኒየም ማለት ጀመረ፤ የብረት መስኮት ፈላጊ ጠፋ። ከጓደኞቿ አንዱ ቂሊንጦ ፋብሪካ በጥገና ገባ፤ ሌላዪቱ የአውቶቡስ አካል መሥራት ያዘች። የልጅ ልጄ ሼዱን ለጥቂት ጊዜ ዘግታ ከአንድ አሉሚኒየም ሠሪ ዘንድ ረዳት ሆና ገባች። መሪ የነበረች ሰው ስትላላክ ቅር ይላት እንደሆነ ብጠይቃት «ቱቦላሬ ማጉበጥስ መቼ ተምረን ነበር አባባ» አለችኝ። በወራት ውስጥ ሼዷን መልሳ ከፈተች፤ ከደጁም በአንድ በኩል ብረት፣ በአንድ በኩል አሉሚኒየም አቆመች። ምን እንደተማረች የሚጠይቃት ሰው ዛሬ አጭር መልስ አያገኝም፤ ጠያቂው እስኪደክም ታስረዳዋለች።

አሠልጣኙ በየዓመቱ አዳዲስ ሠልጣኞቹን ወደ በሩ ያመጣል። ፊታቸውን ሳይ አውቃቸዋለሁ፤ ቦርሳቸውን አቅፈው ይቆማሉ። እሷም ሥራዋን ትታ ትመጣለች። «የዚህን በር ልክ ውሰዱልኝ» ትላቸዋለች። እነርሱም ሁልጊዜ ረጅሙን ልጅ ያቆማሉ። ያን ጊዜ ከእኔ ቤት ያስመጣችውን ቅርጫት በልጁ ራስ ላይ ታስቀምጣለች፤ ድባቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እጄ ቢንቀጠቀጥም ይህን ሹመት ለሌላ አልሰጠሁም።

ከበዓሉ በኋላ በሩ ቀለም ሲቀባ ሊቀ መንበሩ ስፌቶቹ በግራይንደር ተስተካክለው እንዲጠፉ አዝዘው ነበር። ሌላውን ሁሉ እሺ ብላ ይህን እምቢ አለች። «ይታይ» አለቻቸው። ሊቀ መንበሩም ቀና ብለው ጥቂት አዩና «እህ» አሉ። ስፌቶቹ እነሆ እስከ ዛሬ ይታያሉ።